በእጇ ያለው ሪሞት ሳይሆን ቴስተር ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አራት ኪሎ አካባቢ ስለተካሄደው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ያወጣችሁት ዘገባ አንገብግቦኛል። ከፎቶው ሥር «ተማሪዋ ሮቦቱን በሪሞት ስታሽከረክር» ብላችኋል። በእጇ ያለው ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ቀይና ጥቁር ገመዶቹ እስከ ባትሪው ድረስ በራሳችሁ ፎቶ ላይ ይታያሉ።

ይህ እንደ ፊደል ግድፈት የሚታለፍ አይደለም። ውድድሩ ያለ ሰው ትእዛዝ ራሱን ችሎ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ጥቁር መስመር ተከትሎ የሚሄድ ሮቦት ውድድር ነው፤ ከተነሳ በኋላ በሪሞት ያዘዘ ቡድን ይሰረዛል። እናንተ በአንድ መስመር ልጅቷን አጭበርባሪ አደረጋችኋት። መምህራኖቿና ቤተሰቧ ይህን ጋዜጣ ያነባሉ!

ምን እየለካች እንደነበር ጠይቃችሁ ቢሆን ኖሮ ትነግራችሁ ነበር። ባትሪዎቹ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ፣ መርካቶ ሚናሌሽ ተራ የሚገኙ 18650 የሚባሉ ሊቲየም ሴሎች ናቸው። ሁለቱ በሲሪየስ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ሲያያዙ፣ ሙሉ ቻርጅ ከሆኑ 8.4 ቮልት ይሰጣሉ። ያረጀ ሴል ሥራ ሲፈታ ደህና ይመስላል፤ ሞተሮቹ ሲነሱ ግን ቮልቴጁ ዘጭ ይላል። ከ7 ቮልት በታች ከወረደ የሮቦቱ አንጎል የሆነው የአርዱዊኖ ሰሌዳ 5 ቮልቱን በወጉ አያገኝም፤ ሪሴት ያደርግና (ጠፍቶ እንደገና ይነሳና) ሮቦቱ መታጠፊያው ላይ ቀጥ ይላል። ኤል 298 ኤን የሚባለው የሞተር ድራይቨርም (ሞተሮቹን የሚነዳው ሰርኪዩት) በበኩሉ ወደ 2 ቮልት ገደማ ይበላል። ስለዚህ ባትሪው መለካት ያለበት ጎማው እየዞረ ነው። እሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ሮቦቶቹ መስኮቱ አጠገብ መስመር መሳታቸውን ደግሞ «የልምድ ማነስ» ብላችሁታል። መስመሩን የሚያነቡት ሴንሰሮች ኢንፍራሬድ የሚባለውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካሉ፤ ነጭ ወለል ይመልሰዋል፣ ጥቁር መስመር ይውጠዋል። የፀሐይ ብርሃንም ኢንፍራሬድ ስላለው በመስኮት ሲገባ ሴንሰሩ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ ያነበዋል። መፍትሔው ሴንሰሩን ከወለሉ ጥቂት ሚሊሜትር እስኪቀረው ዝቅ ማድረግ፣ ዙሪያውን በጥቁር ካርቶን መጋረድ፣ ከዚያም እዚያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው ሰዓት ብርሃን ካሊብሬት ማድረግ፣ ማለትም ጥቁሩን ከነጩ የሚለየውን ቁጥር ማስተካከል ነው። ጠዋት የተስተካከለ ቁጥር ከሰዓት አይሠራም። መጋረጃ የሌለው አዳራሽ የመረጡት ተማሪዎቹ አይደሉም፤ ለምን አዘጋጆቹን አልጠየቃችሁም?

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ ከዚያው ፎቶ ጋር አውጡ። የክብር እንግዶቹን ስም ከነማዕረጋቸው ስትዘረዝሩ ሮቦቱን ከሠሩት ልጆች የአንዳቸውንም ስም አልጻፋችሁም። እርማቱ ላይ የሁሉም ይጻፍ።

የተማሪ ሮቦቶች ቴክኒክ አማካሪ፣ ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ