ከላይ ወደ ታች፦ የፎቶግራፍና የቪዲዮ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ስብሰባዎቻችን እንደ ደንቡ ተካሂደዋል፤ ሥራ አስፈጻሚዎች ተመርጠዋል፣ ዕቅድ ወጥቷል፣ ቃለ ጉባኤውም ማንም ሊያየው ይችላል። የምጽፈው ዓመቱን ሙሉ ስላደከመን ስለ አንድ የካሜራ ማንጠልጠያ ነው።

የቤተ ሙከራችንን ችግር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መምህሩ አበባ ሰንጥቆ ሲያሳይ የሚያዩት ጠረጴዛውን የከበቡት ብቻ ናቸው፤ ከኋላ ያሉት የጓደኞቻቸውን ማጅራት ያጠናሉ። ካሜራ ከጠረጴዛው በላይ ሰቅለን ወደ ታች ብንቀርጽስ አልን። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ገበያ ላይ አለ፤ ዋጋው ግን ከክበባችን በጀት ጋር አይተዋወቅም።

ከጥገና የተረፈ የፕላስቲክ ቱቦ፣ መገጣጠሚያ፣ ብሎንና ዳዶ ሰበሰብን። የስልክ መያዣዎች በአብዛኛው የሚታሰሩት እንደ ካሜራ በሩብ ኢንች ብሎን ስለሆነ ያ ክፍል አላስቸገረንም። ምሰሶው ቆመ፣ ክንዱ ተዘረጋ፣ ስልኩ ታሰረ፤ ወዲያውም ሁሉም ነገር ወደ ፊት ተደፋ።

ገሚሱ እግሩ ይስፋ፣ ገሚሱ ድንጋይ ይጫንበት ሲል፣ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሜትር አንሥታ ክንዱን ለካች። ስልኩ ከነመያዣው 200 ግራም፣ ከምሰሶው 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ በሁለቱም ወገን እኩል እንዲሆን በሌላው ወገን 20 ሳንቲ ሜትር ላይ 600 ግራም ያስፈልጋል ብላ ወለሉ ላይ በጠመኔ ጻፈች። በጠርሙስ አሸዋ መዝነን ሰቀልን። ክንዱ አሁንም ዘመም አለ። እኔ አፌን ልከፍት ስል «ቱቦውም እኮ ክብደት አለው» አለችና የረጅሙን ወገን ክብደት ደምራ አሸዋ ጨመረች። ቀጥ አለ! ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እሷ ውኃ ልኩን ክንዱ ላይ አጋድማ አረፋው መሃል እስኪገባ ትጠብቅ ነበር። ያንን ስሌት ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ተማሪ ሳይታዘዝ አንሥቶ ሲሠራበት ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። «ቪዲዮ ጨዋታ ነው» የሚሉ ባልደረቦቼ በዚያች ሰዓት ቢኖሩ ደስ ባለኝ።

የመጀመሪያው ቀረጻ አልሆነም። የጣሪያው መብራት የመምህሩን ጥላ አበባው ላይ ጣለ፤ ምስሉም በጥቁር መስመሮች ተሞላ። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/100 ሴኮንድ ላይ ስናደርገው መስመሮቹ ጠፉ፤ ጥላውን ደግሞ ከግራና ከቀኝ አግድም የበሩ ሁለት የውሰት መብራቶች አጠፉልን። እጅ በገባ ቁጥር ምስሉ እንዳይደበዝዝ ትኩረቱን መቆለፍ፣ ስልኩንም ከሰው እጅ በላይ ስለሚንጠለጠል በተጨማሪ ገመድ ማሰር የግድ ነው። ፊልሙ በታየ ዕለት «እዚያ ላይ አቁሙልን» ብለው የጮኹት የኋላ ወንበር ተማሪዎች ናቸው፤ እንቁልጢውን፣ ማለትም የአበባውን ዘር የሚፈጠርበትን ክፍል፣ ለማየት።

መብራቶቹ ተመልሰዋል፤ ለሚቀጥለው ዓመት የራሳችን ሁለት ያስፈልጉናል፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥንም እንዲሁ። የስፖርት ክበቡ መረብ በየዓመቱ መታደሱን አንቃወምም፤ እኛም ግን በዚሁ ግቢ ውስጥ ነን። እስከ አሁን የምንቀርጸው በእኔው ስልክ ስለሆነ በተደወለ ቁጥር ቀረጻው ይቋረጣል። ያረጀ ስልክ ያላችሁ ወላጆች ብታስታውሱን እንወስዳለን፤ መስታወቱ ቢሰነጠቅም ግድ የለም፣ የምንፈልገው የጀርባውን ካሜራ ነው።