ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት ባንዲትን ሞክሩት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሳይበር ሴኩሪቲ (የኮምፒዩተር ደህንነት) መማር የሚፈልጉ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት የቱን ኮርስ ልግዛ ነው፣ እኔ ግን ለጊዜው ምንም አትግዙ ነው የምለው። ኦቨር ዘ ዋየር የሚባል ድረ ገጽ ላይ ባንዲት የሚባል ነፃ ጌም አለ፣ በኤስኤስኤች (ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ በጽሑፍ ትዕዛዝ መሥሪያ መንገድ ነው) ሰርቨራቸው ውስጥ ትገባላችሁ፣ የመጀመሪያው ፓስወርድ ይሰጣችኋል ከዛ በኋላ ግን የሚቀጥለውን ሌቭል ፓስወርድ እዛው ሰርቨሩ ውስጥ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት፣ አንዴ ስሙ ሰረዝ ብቻ የሆነ ፋይል ውስጥ አንዴ ደሞ የተደበቀ ፋይል ውስጥ፣ እንዲህ እያላችሁ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳይታወቃችሁ ትለምዳላችሁ። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታም አይበላም፣ ይሄ ለኛ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው!

ቀጥሎ ፒኮ ሲቲኤፍ የሚባል የሳይበር ሴኩሪቲ ጥያቄዎች ውድድርና መለማመጃ አለ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ በብራውዘር ይሠራል፣ ክሪፕቶግራፊ (ሚስጥራዊ ጽሑፍ መፍታት) በሉት ዌብ በሉት ፎረንሲክስ (ከፋይሎች ውስጥ ማስረጃ መፈለግ) ሁሉም አለው። መልሱ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል ግን እባካችሁ ቶሎ አትክፈቱት፣ ትምህርቱ ያለው ተጣብቃችሁ የምትቆዩበት ሰዓት ላይ ነው።

የትምህርት ቤታችሁን ሲስተም ግን ለሙከራ ብላችሁም እንዳትነኩ፣ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያለፈቃድ መግባት ብቻውን ወንጀል ነው። የአይሲቲ መምህራንም ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒዩተር ላቡን ለተማሪዎች ብትከፍቱላቸው ጥሩ ነው፣ ቤታቸው ኮምፒዩተር የሌላቸው ልጆች ብዙ ናቸው።