ከፉትስክሬ ተበትናችሁ ለአባታችን ለቅሶ ለተሰበሰባችሁ ሁሉ

አባታችን ካረፉ አርባ ቀን አለፈ። ተዝካራቸውም ወጣ። እስካሁን ዝም ያልነው ልባችን አልረጋ ብሎ ነው። ከዚህ በላይ መዘግየት ግን ነውር ነው። እናታችን፣ ወንድሜ፣ ሁለቱ እህቶቼና እኔ ለቅሶ ለደረሳችሁ፣ ቀብር ለቆማችሁ፣ ከሩቅ ደውላችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ እግዜር ይስጥልን እንላለን። ብድራችሁን በደስታ ለመመለስ ያብቃን።

የምስጋና ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ይሄኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ቻሉኝ።

ቤታችን የመጣው ሰው ዘመድና ወዳጅ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰፈር ነው ተነስቶ የመጣው፤ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ያለው ፉትስክሬ። የሚገርመው ያ ሰፈር ሰዉ ከተበተነ ቆይቷል። ከሜልተን መጣችሁ። ከሴንት አልባንስ፣ ከዲር ፓርክ፣ ከሰንሻይን መጣችሁ። ከፐርዝ በአውሮፕላን የመጣም አለ። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በሩን ሳይ፣ በየተራ የሚገባው ፊት ሁሉ ልጅ ሆኜ መንገድ ላይ የማውቀው ፊት ነው። ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ መነጽር አድርጓል። ግን እሱ ነው።

ፉትስክሬን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ከሜልበርን መሃል ከተማ በስተምዕራብ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ የፋብሪካ ሰፈር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያኑ፣ ግሪኩ፣ ዩጎዝላቩ ገባበት። ከ1975 በኋላ ቪየትናሞች መጡ። ከዚያ እኛ፣ የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ተከተልን። አዲስ መጪ የሚከራየው ቀድሞት የመጣው ሰው የለቀቀውን ቤት ነው። የእኛ አከራይ ግሪክ ነበሩ። ከእኛ በፊት የኖሩት ቪየትናሞች ነበሩ። ጓሮ የነበረውን የሎሚ ዛፍ ማን እንደተከለው የሚያውቅ አልተገኘም። ሎሚውን ግን ሁሉም በልቶታል።

እኛ በሱዳን በኩል የመጣነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ ለሚመጣ ሰው መንግሥት 510 ሰዓት ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጥ ነበር። አባታችን ግማሹን እንኳ አልተማሩትም። የመኪና ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ተገኘና ትምህርቱ ቀረ። የቀረውን እንግሊዝኛ ከማሽን ሥር ነው የለቀሙት። አስተማሪዎቻቸው አንድ መቄዶናዊና አንድ የማልታ ሰው ነበሩ። ስለዚህ የአባታችን አነጋገር እስከ መጨረሻው የማንም አይመስልም ነበር። ባንክ ቤት ስልክ ሲደውሉ ከየት አገር እንደሆኑ የሚገምት አልተገኘም።

ከእነዚያ የፋብሪካ ጓደኞቻቸው አራታችሁ አልቶና መካነ መቃብር ድረስ መጣችሁ። በኋላም ቤት ገባችሁ። ወጣቶቹ ሹካ ሲያፈላልጉላችሁ እናንተ ቀድማችሁ በእጃችሁ እየጠቀለላችሁ ትበሉ ነበር። ጉርሻ እንኳ ተጎራረሳችሁ። የልጅ ልጆቻችን አፍጥጠው አዩዋችሁ። የአባታችን የምሳ ዕቃ ለስንት ዓመት ሲዞር እንደኖረ እኛም የዚያን ዕለት ነው የገባን። እናታችን ምሳቸውን ሁልጊዜ አብዝታ የምትቋጥርበት ምክንያትም ያኔ ታወቀ። ለእናንተ የተለየ ምስጋና አለን። ይህን አማርኛ እንደማታነቡ አውቃለሁ። ልጆቼ ቁጭ ብለው ያነቡላችኋል፤ ቃል ገብተውልኛል።

አሁን ስለ ጎረቤታችን፣ ስለ ቪየትናማዊቷ እናት ልናገር። ግድግዳችን አንድ ነበር። ሌሊት ስንተኛ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ይሰማናል። ለልብስ ፋብሪካ ቤታቸው ሆነው ይሰፋሉ፤ የሚከፈላቸውም በሰፉት ቁጥር ነው። ያኔ በሰፈሩ እንዲህ የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ነበሩ። እናታችን ሥራ ስታጣ ኮሌታ መስፋት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። አንዷ በቪየትናምኛ፣ አንዷ በአማርኛ ያወራሉ፤ ኮሌታው ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ሁለቱን ከሁሉ በላይ ያግባባቸው ጾም ነው። ቪየትናማዊቷ እናት ቡድሂስት ናቸው፤ በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋ አይበሉም። የእኛ ቤት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ነው። ቀኖቹን በግድግዳ ካላንደር ላይ ተጠናኑ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቤቶች መካከል የሚመላለሰው ሳህን ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ምስር ሄዶ ቶፉ ይመጣል።

እና ለቅሶው ላይ፣ ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ልጃቸው እየነዳ ይዟቸው መጣ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ትልቅ ድስት በፎጣ ተጠቅልሎ ከመኪናው ወረደ። እህቴን በር ላይ ሲያገኟት መጀመሪያ ያሉት “ሥጋ የለውም፤ ዛሬ ረቡዕ ነው” ነው። እናታችን ካለቀሰችው ልቅሶ ሁሉ የዚያን ሰዓቱ ይብስ ነበር። እማማ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ጎረቤታችን የነበሩት ጣሊያናዊ ሽማግሌ፣ ሁላችንም ኖኖ (በጣሊያንኛ አያት) የምንላቸው፣ ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ግን በእሳቸው ቦታ መጣች፤ በጠርሙስ የታሸገ የቲማቲም ስጎም ይዛ ነበር። ኖኖ በየዓመቱ ይሰጡን የነበረው ዓይነት ነው። የፍራንኮ ኮዞን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አብረን እየኮረጅን ሳቅን። ምዕራብ ሜልበርን ያደገ ያውቀዋል፦ በጣሊያንኛ፣ በግሪክኛና በእንግሊዝኛ እየጮኸ የቤት ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ። እሱም በ2023 መጨረሻ አረፈ። እኛ ከሱቁ ገዝተን አናውቅም። ወርቅ የተቀባውን ሶፋ በመስታወት እያየን ማለፍ ግን ነጻ ነበር። ለቅሶ ቤት ይሳቃል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ ይሳቃል። አባታችንም ቢኖሩ ይስቁ ነበር።

አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ ስሙን እስካሁን በደንብ አልያዝነውም። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ከኋላ ቆሞ ነበር። አውስትራሊያዊ ነው፣ ሽማግሌ ነው፤ ከእኛ ማንም አያውቀውም። በኋላ ሲያወራን ነው ነገሩ የገባን። አባታችን ጡረታ ከወጡ በኋላ ጠዋት ጠዋት ዊተን ኦቫል ሜዳ እየሄዱ የሰፈሩን የአውስትራሊያ ፉትቦል ቡድን፣ የቡልዶግስን፣ ልምምድ ያዩ ነበር። ልምምድ ማየት አያስከፍልም፤ አባታችን ደግሞ ነጻ ነገር ይወዳሉ። ይህ ሰው አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር። ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስም አልተጠያየቁም። አንድ ቀን ኒኮልሰን ስትሪት ላይ ባለው የአበሻ ሱቅ ሲያልፍ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የኀዘን ማስታወቂያ አየ። ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ፎቶውን ግን አወቀው። ገብቶ ባለሱቁን ጠየቀ፤ ባለሱቁም አድራሻውን በወረቀት ጻፈለት፤ መጣ።

ባለሱቁ ሆይ፣ ማስታወቂያውን ያለማንም ጉትጎታ ስለለጠፍክና ለዚያ ሰው ጊዜ ስለሰጠኸው እናመሰግናለን።

ስለ ቡልዶግስ ከተነሳ 2016ን ሳላነሳ አላልፍም። አባታችን ያን ኳስ መጀመሪያ አካባቢ “ድብድብ” ነበር የሚሉት። ኦክቶበር 1 ቀን ቡድኑ ሲድኒን አሸንፎ ዋንጫ ሲበላ ግን ባርክሊ ስትሪት መሃል ቆመው እጃቸውን ያጨበጭቡ ነበር። ቡድኑ ከዚያ በፊት ዋንጫ ያገኘው በ1954 ነው፤ ያኔ ስሙ ራሱ ፉትስክሬ ነበር። ጉደኛ ዘመን ነበር። ዋንጫው በመጣ በሳምንቱ ፎርድ የብሮድሜዶውስ ፋብሪካውን ዘጋ። ዲሴምበር ላይ ሊትል ሳይጎን ገበያ ተቃጠለ፤ እናታችንና ቪየትናማዊቷ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢል ይዘው የሚሄዱበት። በዓመቱ ቶዮታም አልቶና ላይ መኪና መሥራት አቆመ። ለእነሱ ዕቃ ያቀርብ የነበረው የአባታችን ፋብሪካም አብሮ ቀረ። አባታችን ያለ ዕድሜያቸው ጡረታ የወጡት በዚህ ነው።

ድሮን አላቆነጅም። ያ ሰፈር ጨካኝም ነበር። በዘጠናዎቹ መጨረሻ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ሄሮይን ይሸጥ ነበር። ትምህርት ቤት ስንሄድ አባታችን ስለ መኪና ሳይሆን ስለ መርፌ ነበር የሚያስጠነቅቁን፦ “መሬት ላይ ካያችሁ አትንኩ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ።” ከእኛ እኩዮች በዚያ የቀሩ አሉ። እናቶቻቸው ለቅሶው ላይ ነበሩ። ክረምት ላይ የእንጨት ቤታችን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሥራ ማመልከቻ ላይ 3011 ብለን ፖስታ ኮድ መጻፍ እናፍር ነበር። ያ ይመለስልኝ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። እኔ የናፈቀኝ መንገድ ላይ ስታጠፋ “ያንተን አባት አውቀዋለሁ” የሚልህ ሰው ነው፤ ሲልህ ደግሞ በአምስት ቋንቋ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ አማረ። በ2019 ታይም አውት የሚባለው መጽሔት ፉትስክሬን ከዓለም አሪፍ ሰፈሮች 13ኛ አድርጎ አወጣው። እህቴ ዜናውን ስታነብላቸው አባታችን “በሉ፣ ኪራይ ሊጨምሩ ነው” ብቻ አሉ። ብዙም አልቆየ፤ የነበርንበት ቤት ተሸጠ። አሁን በቦታው ሦስት ባለፎቅ ቤቶች ተጣብቀው ቆመዋል። የሎሚውም ዛፍ የለም። አዲሶቹ ነዋሪዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቀን ቆሜ ሳይ ሰላም ብለውኛል፣ ቡና እንጠጣ ብለውኛል። ቂም የለኝም። ፋብሪካ ሠርቶ ያሳደገን ትውልድ ግን እዚያ ሰፈር እርጅናውን መጦር ያቅተዋል። ይሄ ይቆረቁረኛል።

እኛም እንደ ብዙዎቻችሁ ከከተማው ራቅ ወዳለው አዲስ ሰፈር፣ ወደ ታርኒት ወረድን። አባታችን የታርኒት መንገዶች ሁሉ አንድ ይመስሉባቸው ነበር፤ ከቤት ወጥተው የጠፉበት ጊዜም አለ። የመለሷቸው ከፊት ለፊታችን ያሉት የፑንጃብ ሰዎች ናቸው። ለቅሶው ቀን መኪና መንገዱን ሞልቶት ማቆሚያ ሲጠፋ ሳንጠይቃቸው የግቢያቸውን በር ከፈቱ። መኪኖቻቸውን አውጥተው ሌላ ቦታ አቁመው የእኛን እንግዶች አስገቡ። ማታ ማታ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ አፍልተው አመጡ። ልጄ ከልጆቻቸው ጋር አስፋልቱ ላይ ክሪኬት ይጫወታል። ከሃያ ዓመት በኋላ እሱ ደግሞ ስለ ታርኒት እንዲህ እያለ ሰው ያሰለች ይሆናል።

የእድራችን ሰዎች፣ እናንተን በስም ብጠራ እንደማትወዱ አውቃለሁ። ወንበሩን፣ ድስቱን፣ የቀብሩን ወረቀት ሥራ ሁሉ እኛ ሳናውቀው ጨረሳችሁት። እዚህ አገር ተወልደው እድር ምን ያደርጋል የሚሉ ልጆቻችን መልሱን በዓይናቸው አይተዋል፤ ሁለቱ አሁን ተመዝግበዋል። ካህናት አባቶቻችን፣ ሌሊቱን ፍትሐት አድርሳችሁ ጠዋት ሥራ የገባችሁ አላችሁ፤ እናውቃለን። ወጥ ቤት የነበራችሁ እህቶችና እናቶች፣ ንፍሮ ከመቀቀል ቡና እስከ ማፍላት እጃችሁ አላረፈም። ሆስፒታል ያስታመማችኋቸው ነርሶች፣ በተለይ የሌሊቷ ፊሊፒናዊት፣ አባታችን እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ወንበር ስበሽ ስላዋራሻቸው እግዜር ያክብርልን። ምን እንዳወራችሁ ባናውቅም ጠዋት ላይ ፈገግ ብለው ነበር የምናገኛቸው።

የረሳነው ሰው ካለ፣ መኖሩም አይቀርም፣ ከኀዘን ቁጠሩልን።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ጉዳይ አለ። ጋራዣችን ውስጥ የማን እንደሆኑ ያልታወቁ ድስቶች፣ ሦስት ትላልቅ ሰፌዶች፣ አንድ የቡና ረከቦትና ብዛት ያላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ድስት ክዳኑ ላይ በቀይ ክር ምልክት ታስሮበታል። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ነን። ስትመጡ ደውሉ፤ እናታችን ባዶውን አልሰጥም ብላለች፣ የምትሞላበት ጊዜ ስጧት።