ማርሚታውን ተይው

ይድረስ ለልጄ፣

አሰላሙ አለይኪ፣ እንዴት ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኮምቦልቻ ሙቀቱ በርትቷል፤ እናትሽ ግን ከደሴ ብርድ ከተላቀቀች ወዲህ ጉልበቷ ተሽሏታል።

የሞተር ሳይክልሽ ፎቶም፣ ልትነጂባት ያሰብሽበት የስኔተርተን ትራክ (የሞተር መወዳደሪያ ሜዳ) ደንብም ደርሶኛል። ደንቡን የጎረቤት ልጅ እየተረጎመ አሰማኝ። አመራረጥሽ ደስ ብሎኛል። በፈረንጆቹ 2001 የተሠራች ሱዙኪ ኤስቪ 650 ለጀማሪ የምትሆን ናት፤ 645 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ከታች ጀምራ በእርጋታ የምትስብ። ከ2003 ወዲህ የመጡት ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጭላቸው ናቸው፤ ያንቺዋ ገና ካርቡራተር ስላላት እኔም እዚህ ተቀምጬ አፌን ሞልቼ ልመክርሽ እችላለሁ። ቅር ያለኝ ልትገዢ ካሰብሽው ዝርዝር አናት ላይ የጻፍሽው አዲስ ማርሚታ፣ የጭሱ መውጫ ድምፅ ማፈኛ ነው። ምን ያደርግልሻል? እንግሊዝ አገር ትራኮች የድምፅ ልክ አላቸው፤ ጠዋት ይለኩና ካለፈ አያስገቡሽም። ከፍለሽ ገብተሽ ሌላው ሲነዳ ቆመሽ ልታዪ ነው?

ገንዘቡ ፍሬን ላይ ይዋል።

የሐረጎን ቁልቁለት አስታውሺ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ነው ቁልቁል የምንወርደው። ከባድ ማርሽ ሳያስገባ በፍሬን ብቻ የወረደ ሚኒባስ ጋራዥ ሲመጣ ሽታው ቀድሞት ነው የሚገባው። ፔዳሉን ስትረግጪው ደግሞ ልፍስፍስ ይላል። ምክንያቱን ልንገርሽ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ልኩ ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል እንጂ ጉልበት አያስተላልፍም። የፍሬኑን እጀታ ስትጨብጪው ባዶውን መሪው ድረስ ይመጣል። ስኔተርተን የጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ሜዳ ስለነበረ ሜዳማ ነው፤ እሱ ለጀማሪ መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ረጃጅም ቀጥታዎች አሉት፤ በየዙሩ መጨረሻቸው ላይ አጥብቀሽ ትይዣለሽ፤ ፍሬኑም በቅጡ ሳይበርድ ሌላው ይደርሳል። መንገድ ላይ ዓመት ሙሉ ያልከዳሽ ዘይት እዚያ በአንድ ጠዋት ሊከዳሽ ይችላል።

ስለዚህ አሮጌውን ጨርሰሽ አውጪና ካልተከፈተ ጠርሙስ ዶት 4 ሙዪ። ፍሬኑ ላይ ያለችው የአየር ማስተንፈሻ ቡሎን ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተሽ እጀታውን ጨብጠሽ ያዢ፣ ማስተንፈሻዋን ላላ አድርጊ፣ እጀታውን ሳትለቂ መልሰሽ እሰሪ፣ ከዚያ ልቀቂ። ጥርት ያለ አረፋ አልባ ዘይት እስኪመጣ ድረስ ነው። ላይኛው የዘይት ዕቃ እንዳይደርቅ እየጨመርሽ፤ ከደረቀ አየር ገብቶ እንደገና ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ዶት 5 የሚል ካጋጠመሽ አትንኪው፤ ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይስማማም። ቀለም ላይ ጠብ ካለ ቶሎ በውሃ እጠቢው፣ ቀለሙን ይበላዋል። የፍሬኑ የጎማ ቱቦዎች ከፋብሪካ የወጡበት ከሆኑ ሲያረጁ ይነፋሉ፤ በብረት ሽቦ የተጠለፉትን ግዢ። የማርሚታውን ገንዘብ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የፍሬኑ ፓድ ከሳሳም አብረሽ ቀይሪው፤ አዲስ ፓድ ግን መጀመሪያ መንገድ ላይ ቀስ እያልሽ እየያዝሽ መለማመድ አለበት፣ ለትራኩ ጠዋት አታቆዪው።

ጎማውን ጥርሱን አይተሽ አትመኚው። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንደኛ አስበሽ ያልተሠራ ጎማ ገዛሁ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ጎማ ቆሞም ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ አይነክስም። የውድድር ለስላሳውን የሚመክርሽ ይኖራል፤ አትስሚው። እሱ በማሞቂያ ካልሞቀና አጥብቀሽ ካልነዳሽው ቀዝቃዛ ሆኖ ያንሸራትትሻል። ደህና የስፖርት መንገድ ጎማ ቶሎ ይሞቅልሻል። ነፋሱን ጠዋት በቀዝቃዛው ለኪ፣ ከትራክ እንደወጣሽም ወዲያው ለኪ፤ ሲሞቅ ይጨምራል። ምን ያህል መሆን እንዳለበት ጎማውን የሸጠልሽን ጠይቂ፣ እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ልክ አለው።

የኤስቪ የፊት ሞላ ልል ነው ይባላል፤ እውነት ነው። አንቺ ግን ቀላል ስለሆንሽ ለመቀየር አትቸኩዪ። ፕላስቲክ ማሰሪያ የፊት አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ እሰሪ፣ ልብስሽን ሁሉ ለብሰሽ ተቀመጪባት፣ ሞላው ጨርሶ ከተለቀቀበት ስንት እንደወረደ ለኪ። ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተያት። የአሞርዛተሩን ዘይት ግን ቀይሪ፤ ከላስቲኩ የሚያልብ ካየሽ ሳይጠገን አትሂጂ፣ ዘይቱ ወደ ፍሬን ነው የሚወርደው።

የቀረው የምታውቂው ነው። ፊቷን አንስተሽ መሪውን አዙሪ፣ መሐል ላይ እንቅ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘሽ ነቅንቂ። ካቴናውን ከልኩ በላይ አታጥብቂው፣ ስትቀመጪባት ይወጠራል። ነዳጅ መስጫው መሪው ወዲያም ወዲህም ተጠምዝዞ በራሱ ጠቅ ብሎ ይመለስ። የነዳጅ ቱቦ ከተሰነጠቀ ጣይው። የዘይት ማውጫውን ቡሎን በሽቦ እሰሪው ቢያስገድዱሽም ባያስገድዱሽም፤ ያንቺ ዘይት ከኋላሽ ያለውን ሰው ነው የሚጥለው። ስፖኪዮውን አውጪ፣ መብራቱንና ፍሬቻውን በፕላስተር ሸፍኚ። የፍጥነት መቁጠሪያውንም ሸፍኚው እልሻለሁ፤ ቁጥር ስታዪ ኩርባው ያመልጥሻል።

ልብሱን አትከራከሪኝ። ሙሉ ቆዳ፣ ሁለት ክፍል ከሆነም ዙሪያውን በዚፕ የሚያያዝ፣ የጀርባ መከላከያ፣ አንጓ የሚሸፍን ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ጫማ። እዚህ በነጠላ ጫማ የሚነዱትን ስታዪ ያደግሽ ልጅ ስለሆንሽ ነው የምደጋግመው። ካልቻልሽ ተከራዪ። የመንገድ ኢንሹራንስሽም ትራክ ላይ እንደሚሠራ በደብዳቤ ካላረጋገጡልሽ እንደማይሠራ ቁጠሪው።

ብትችዪ ቫን ያለው ጓደኛ ፈልጊ፣ ከኖርዊች እየነዳሻት አትሂጂ። አንድ እጀታ ቢሰበር በምን ትመለሻለሽ? ቀኑን ሙሉ ውሃ ጠጪ፣ ሲደክምሽ የመጨረሻውን ዙር ተይው፤ ማንም አይቆጥርብሽም። ቢጫ ባንዲራ ስታዪ ማንንም አትለፊ። ቀዩ ከወጣ ደግሞ እጅሽን አንስተሽ ቀስ እያልሽ ግቢ።

አብሽሪ፣ ትችያለሽ። ስትደውዪ የጎማውን አራት ቁጥር አንብቢልኝ፣ የፍሬኑንም ዘይት በብርሃን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ቡና መስሎ ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን። እናትሽን የምትሄጂው የመንዳት ትምህርት ነው ብያታለሁ፣ አስተማሪም ስላለ ውሸት አይደለም። አንቺም እንደዚያው በያት።

አባትሽ፣
ከኮምቦልቻ