የቆጋ ውሃ እስከ ጫፍ ይድረስ

ለመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ስለ ቆጋ ግድብና መስኖ ነው። ሪባን የሚቆረጥለት አዲስ ግድብ አልጠይቅም።

በአማራ ክልል መራዊ ከተማ አጠገብ ያለውን ይህን መስኖ በደንብ ያውቁታል። በአፍሪካ ልማት ፈንድ ብድር ተሠራ። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝና 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ ነው። የሜጫ ወረዳ ገበሬ በበጋ ስንዴ፣ ሽንኩርትና ድንች ማምረት ችሏል። ይሄን ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። የሚያሳስበኝ ከግድቡ በታች ያለው ነው።

ቆጋ የተነደፈው በስበት፣ ማለትም ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁል እየወረደ እንዲሠራ ነው። ውሃው ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ዋና ቦይ ሌትና ቀን ይወርዳል። ገበሬው ግን የሚያጠጣው ቀን ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ውሃ ከታች በተሠሩ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ያድርና ሲነጋ ይለቀቃል። ብልህ ንድፍ ነው፤ ቦዩን ማስፋት ሳያስፈልግ የሌሊቱም ውሃ ለቀን ይደርሳል። ታዲያ ኩሬው ደለልና ሣር ሲሞላው፣ ወይም ከሥሩ ሲያሰርግ፣ የሚባክነው ይሄው የሌሊት ውሃ ነው። የጎደለውን የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ ታችኛው ገበሬ ነው። ላይኛው ቀድሞ ያጠጣል። ታችኛው ተራው ሲደርስ የሚመጣለት ቦዩን ለማርጠብ እንኳ አይበቃም።

የውሃ መክፈቻ በሮቹም ሌላ ጣጣ ናቸው። አንዱ መዘውሩ ከሌለ፣ ወይም ዝጎ አልንቀሳቀስ ካለ ገበሬው ምን ያድርግ? አፈር የሞላ የማዳበሪያ ጆንያ ቦዩ ውስጥ ይከትታል፣ ዙሪያውን በድንጋይና በጭቃ ይደፍናል። ውሃው ከፍ ብሎ ወደ ማሳው ይዞርለታል። ከእሱ በታች ያለው ግን ይደርቅበታል። ጠርዙን አልፎ የሚፈሰው ደግሞ የቦዩን ግድግዳ ከውጭ ይሸረሽረዋል። ከዚያ ጠብ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ቀበሌ ነው።

አቅም ያለው ፓምፕ ይገዛል። ቁልቁል በራሱ መውረድ የነበረበትን ውሃ በቤንዚን ይጎትታል ማለት ነው። የቤንዚኑን ዋጋ ለእርስዎ አልነግርዎትም። በስበት መስኖ ውስጥ የሚያጓራ እያንዳንዱ ፓምፕ ቦዩ እንዳልሠራ ምስክር ነው። እባክዎ ሪፖርት ላይ «በፓምፕ የለማ» ተብሎ እንደ ስኬት አይቆጠርብን።

ማዘመን ሲባል ወዲያው ሴንሰርና ሶፍትዌር ይታሰባል። እኔ አልጠላም። ግን መጀመሪያ መስኖው በተከፋፈለባቸው በ12ቱም ብሎኮች መግቢያ በሴንቲሜትር የተሰመረ መለኪያ ይተከል። የዕለቱ ልክ ገበሬው በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ክረምቱ ወጥቶ መስኖው ሳይጀመር ኩሬዎቹ ይጠረጉ፣ የሚያሰርጉትም ይለበጡ። በሮቹ ቁልፍ ያላቸው ይሁኑ፤ ቁልፉም ውሃውን ተራ በተራ እንዲያከፋፍል ገበሬው ራሱ በመረጠው የውሃ አባት እጅ ይግባ። እነዚህ ሁሉ ካለቁ በኋላ ሴንሰሩ ይምጣ፣ እንኳን ደህና መጣ እንለዋለን።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ እንደሚባል አውቃለሁ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ከወጣ ቆይቷል፤ ማኅበሩ ከአባላቱ የአገልግሎት ክፍያ እንዲሰበስብ ይፈቅዳል። ጥሩ። ግን ውሃ ያልደረሰውን ሰው በምን አፍ ክፈል ይሉታል? ዋናውን ጥገና መንግሥት አንድ ጊዜ ጨርሶ ያስረክብ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማኅበሩ ይችለዋል፣ ካልቻለም ያን ጊዜ ይጠየቅ።

የአካባቢው ጸጥታ ሥራውን እንደሚያከብደው ይገባኛል። በጀት ለመያዝና ዕቅዱን ለማዘጋጀት ግን ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ አያስፈልግም። ጉዳዩ ከፌደራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ እየተገፋ እንዳይከርም ደግሞ አደራ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ለቆጋ ቦዮችና ኩሬዎች ጥገና በዚህ ዓመት ስንት ብር ተያዘ? ሥራውስ ከየትኛው ብሎክ ይጀመራል? መልሱን በይፋ ቢያሳውቁን፣ መራዊ ላይም በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር