ይድረስ ለአባባ፦ ቡናው ከመነቀሉ በፊት

ሜልበርን፣ አውስትራሊያ

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራውም ደህና ነው። ያስቸኮለኝ ወንድሜ ደውሎ የነገረኝ ነገር ነው። ከምንጩ ሥር ያለውን ቡና አስነቅለው ባሕር ዛፍ ሊተክሉ ነው ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ምክንያትዎ ይገባኛል። የእህቴ ሠርግ ደርሷል፣ የእማዬ መድኃኒት በየወሩ ይገዛል፣ አጣና ደግሞ ጅማ ላይ ገዢ አያጣም። የአጎቴ ልጅም ከአሜሪካ ደውሎ «እኛ ዘንድ ባሕር ዛፍን ጋም ትሪ ይሉታል፤ በየመንገዱ ዳር ተተክሏል፤ ክፉ ነገር አላየንበትም» ብሎ አደፋፍሮዎታል። አልዋሸም፤ ነገር ግን እሱ የሚያየው ዛፍ ሌላ ነው። በአሜሪካ በብዛት በዚህ ስም የሚጠሩት ዛፎች በመጸው ቅጠላቸው ቀልቶ የሚረግፍ፣ ከባሕር ዛፍ ጋር ዝምድና የሌላቸው ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ጋም ትሪ ማለት የእኛው ባሕር ዛፍ ነው። ጋም ማለት ሙጫ ነው፤ ስሙ የወጣለትም ከሙጫው ነው፤ ከቅርፊቱ ስንጥቅ ቀይ ፈሳሽ ይወጣና ይደርቃል፣ በጥፍር ሲነኩት እንደ መስታወት ይሰባበራል።

እኛ ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለውን እዚህ «ሪቨር ሬድ ጋም» ይሉታል፤ የወንዝ ዳር ቀይ እንደማለት ነው። በከተማው መሐል በሚያልፈው በያራ ወንዝ ዳር ግንዱን የሁለት ሰው እቅፍ የማይበቃው አለ። አገሩ የወንዝ ዳርና ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ነው፤ ሥሩን ወደ ጥልቁ ሰድዶ ውኃ ፈልጎ ያገኛል። ይህን ዛፍ ምንጫችን አፍ ላይ ተክለን ምንጩ እንዳለ ይቆያል ብዬ ማመን አልቻልኩም። ኋላ ብንጸጸትም ቆርጠን አንገላገለውም፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የተነቀለ ቡና ግን እንደገና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈልጋል። እነዚያ ሳሳዎችስ ይቆረጡ? እነሱም ሙጫ አላቸው፤ ለቡናው ጥላ ሆነው ኖሩ እንጂ ቀምተውት አያውቁም።

ባሕር ዛፍን ጠልቼ እንዳይመስልዎ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ስትቸገር የደረሰላት ይኸው ዛፍ ነው። እኔም የተማርኩት እርስዎ ድንጋያማው ተረተር ላይ ተክለው በሸጡት አጣና ነው። እዚያ ይጨምሩበት፣ ማንም አይቃወምዎትም። እዚህ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ የቅጠሉ ሽታ ከተማውን ያውደዋል። ጉንፋን ሲይዘን እማዬ ቅጠሉን አፍልታ፣ ጋቢ አልብሳ ስታጥነን፣ «ዓይንህን ጨፍን!» እያለች ስትቆጣኝ ይሰማኛል። መንገድ ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ፣ አባባ።

ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ቁጥሩን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። በቅድሚያ የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ይገዛ፣ የቀረው ለሠርጉ ይዋል። ከየት አመጣው ብለው አይጨነቁ፤ ለእኔ የሚበቃኝን አስቀርቻለሁ።

አክስቴ «ለእህቱ ሠርግ እንኳ መምጣት ከበደው» ማለቷን ሰምቻለሁ። ጨክኜ አይደለም። የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ሳያልቅ ከወጣሁ መመለሴ አይታወቅም፤ ካልተመለስኩ ደግሞ ይህችንም የምልክ ሰው አይኖርም። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ ተሞሽራ ስትወጣ በስልክ ማየት የሚቀለኝ የሚመስለው ካለ፣ እርስዎ እንደዚያ እንዳያስቡ። ሙሽራው ጭምት ነው አሉ። እውነት ነው? እርስዎ ሲያዩት ምን አሉ? እሷስ ቤቷን ከእማዬ ብዙ አርቃ ነው የምትይዘው?

እማዬ ቡና ላይ ጨው መጨመሯን ትታለች? ሐኪሙ የከለከላትን በእኔ ስም ይንገሯት፣ እምቢ ካለችም ጨዉን ይደብቁባት። ስለ ቡናው የወሰኑትን ደግሞ ሠራተኞቹን ከመጥራትዎ በፊት ወንድሜ ይደውልልኝ፤ በሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

ልጅዎ