ፊሽካ ከተነፋ በኋላ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እናታችንስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹ ምን አከሉ? እኔ ክብር ለእሱ ደህና ነኝ። ኮሎምበስ ብርዱን ጀምሯል፤ ሥራውም እንደ ድሮው ነው። ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ! ኑሮ ነው እንበልና እንለፈው። ናፍቀኸኛል።

ዛሬ የምጽፍልህ አንተ ብቻ ልትፈርድልኝ የምትችል ነገር ስለገጠመኝ ነው። የእህቴ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሞላው። ቁመቱ እኔን አልፎኛል፤ ትከሻውን ብታየው ትደነግጣለህ። አሁን የትምህርት ቤቱ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ልግባ እያለ ነው። የእኛን ኳስ ማለቴ አይደለም፤ ሄልሜት ተደርጎ የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ነው። ወላጅ መፈረም አለበት። እህቴ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «አንተ ምን ትላለህ?» ትለኛለች። ልጁ ደግሞ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ይቀመጥና ሰው ሲጋጭ፣ ሰው ሲወድቅ ያሳየኛል። «አጎቴ፣ ይሄን እያት!» ይላል። የሚያደንቀው ጎል አግቢውን አይደለም፤ የሚጥለውን ነው።

አንተ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ፊሽካ ይዘህ የኖርክ ሰው ነህ። ግማሹ ሕዝብ እየሰደበህም ቢሆን ያየኸውን የምትነፋ ዳኛ ነበርክ። ስለዚህ ይሄን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ጨዋታውን ባጭሩ ላስረዳህ። በዚህ ኳስ ሰው መጣል ጥፋት አይደለም፤ ሥራ ነው። ተከላካዩ ደመወዝ የሚበላው ኳስ የያዘውን መሬት ላይ በማንጋለል ነው። ጥፋት የሚሆነው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ሲመታ፣ ራሱን መከላከል የማይችለውን ሰው ጭንቅላት ሲመታ፣ የወደቀውን ሲረግጥ ነው። ያኔ ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ይወረውራል፤ ቡድኑ 15 ያርድ ይቀጣል፤ ማለትም 14 ሜትር ገደማ ሜዳ ለተጋጣሚው ይሰጣል። ነገሩ ከከፋ ተጫዋቹ ከሜዳ ይወጣል። በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ኤንኤፍኤል፣ ማለትም ደመወዝ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ሊግ፣ ቪዲዮውን አይቶ የገንዘብ ቅጣት ወይም እገዳ ይጥላል። የታገደ ሰው የዚያን ጨዋታ ደመወዝ አያገኝም። ይግባኝ ማለት ይችላል። ሜዳ ላይ ለተሠራ ጥፋት ይግባኙን የሚሰሙት ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር በጋራ የመረጧቸው የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው። ይሄኛው ደስ ይለኛል፤ ሜዳውን የሚያውቅ ሰው ይፈርዳል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።)

በኅዳር 2019 ሐሙስ ማታ ክሊቭላንድ ብራውንስ ከፒትስበርግ ስቲለርስ ጋር ተጫወተ። ክሊቭላንድ እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ነው። ጨዋታው አልቋል ማለት ይቻላል፤ የቀሩት ሴኮንዶች ናቸው። ብራውንስ 21 ለ 7 እየመራ ነው። የብራውንሱ ማይልስ ጋሬት የስቲለርሱን ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪና ጨዋታ መሪ፣ ሜሰን ሩዶልፍን ጣለው። መሬት ላይ ተያያዙ፤ ሩዶልፍም የጋሬትን ሄልሜት ጎተተ። ጋሬት ተነሣና የሩዶልፍን ሄልሜት ከራሱ ላይ መንጭቆ አወለቀው። ከዚያ በዚያው ሄልሜት የልጁን ባዶ ጭንቅላት መታው። አገር ምድሩ ጮኸ። ሊጉ ጋሬትን ላልተወሰነ ጊዜ አገደው፤ በመጨረሻ 6 ጨዋታ ቀረበት። ሩዶልፍ ደግነቱ የከፋ ጉዳት አልደረሰበትም።

ጋሬት መቀጣቱ ትክክል ነው። ቅሬታ የለኝም። ግን ይሄን ከሌላ ታሪክ ጋር አስተያየው።

ነሐሴ 1978፣ ኦክላንድ። ነጥብ የማይቆጠርበት የዝግጅት ጨዋታ ነው። የኒው ኢንግላንድ ፓትርየትሱ ዳሪል ስቲንግሊ፣ የ26 ዓመት ወጣት፣ የተወረወረለትን ኳስ ለመያዝ ተዘረጋ። አልደረሰባትም። የኦክላንድ ሬይደርሱ ጃክ ቴተም ግን በሙሉ ፍጥነት መጥቶ መታው። ስቲንግሊ አንገቱ ተሰበረ፤ ከዚያ ቀን በኋላ በእግሩ አልቆመም። ዳኛው ጨርቅ አልወረወረም። ሊጉም ቴተምን አልቀጣውም። በጊዜው ሕግ ምቱ ሕጋዊ ነበር! የሬይደርስ አሰልጣኝ ጆን ማደን በዚያው ምሽት ሆስፒታል ሄዶ ጎበኘው፤ ደጋግሞም ተመላለሰ። መቺውና ተመቺው ግን ሳይታረቁ ሁለቱም አለፉ። ስቲንግሊ በ2007 በ55 ዓመቱ አረፈ፤ ቴተም በ2010።

ቴተም ኮሌጅ የተጫወተው እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ስቴት ነው። ታሪኩን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ሽማግሌ ነው። እኛ ጋ ቢሆን፣ ሰው ሳያስብ እንኳ ሰው ቢጎዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ ይኬድ ነበር። ሕጉ ነፃ ቢለው እንኳ ሰውየው ቤት ደጅ ይጠና ነበር። ሠላሳ ዓመት ለሚሞላ ጊዜ ሁለት ሰዎች እንዲህ ሆነው መኖራቸው አንጀቴን ይበላዋል።

እንግዲህ አየህ? ሰው ዕድሜ ልኩን ያሽመደመደው ምት ቅጣቱ ዜሮ፤ ሰውየው በእግሩ ከሜዳ የወጣበት ምት 6 ጨዋታ። ቅጣቱ የሚከተለው ጉዳቱን ሳይሆን ነውሩን ነው። በቴሌቪዥን አስቀያሚ ሆኖ የታየው ይቀጣል። በእርግጥ ሕጉ ተሻሽሏል። ዛሬ ኳስ ለመያዝ የተዘረጋን ሰው ጭንቅላትና አንገት መምታት ክልክል ነው። ከኋላ የትከሻ መከላከያውን አንገትጌ ጨብጦ መጣል በ2005 ተከለከለ። ከኋላ ይዞ በዳሌ ክብደት እግር ላይ መውደቅም በ2024 ተከለከለ። መልካም ነው። ሕጉ ግን የሚመጣው ሁልጊዜ አንድ ሰው ከተሰበረ በኋላ ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አንተ ቀይ ካርድ ስታወጣ ምን ይሆናል? ቡድኑ በ10 ሰው ይጨርሳል። ያ ነው ቅጣቱ! ጓደኞቹ ይቆጡታል፣ አሰልጣኙ ያብዳል፣ ደጋፊው ይሰድበዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል። እዚህ ግን እንዲህ አይደለም። ተጫዋቹ ሲባረር ሌላው ይገባል፤ 11 ሆነው ይቀጥላሉ። ለሳምንታት ሲታገድም ክለቡ ቦታውን በሌላ ሰው ይሞላዋል። ደመወዙን የሚያጣው ተጫዋቹ፣ ስሙ የሚጠፋው ተጫዋቹ። የቀጠረው ክለብ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል። እርግጥ በእነ ጋሬት ጠብ ሁለቱም ክለቦች 250,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ግን ለእነዚህ ክለቦች ይሄ ምናቸው ነው?

አልበርት ሄንስወርዝን እንውሰድ። በጥቅምት 2006 የቴነሲ ታይታንስ ተጫዋች ነበር። የዳላሱ አንድሬ ጉሮድ መሬት ላይ ወድቆ፣ ሄልሜቱ ወልቆ ሳለ በታኬታው ፊቱን ረገጠው። ሠላሳ ስፌት! 5 ጨዋታ ታገደ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሜዳ ላይ ለተሠራ ጥፋት ከተሰጠው እገዳ ሁሉ ረጅሙ። ሰውየው ይቅርታ ጠይቋል፤ ያን አልነፍገውም። ከሦስት ዓመት በታች ቆይቶ ግን በ2009 የዋሽንግተን ክለብ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የሰባት ዓመት ውል አስፈረመው። ይሄን ያየ ወጣት ምን ይማራል?

ቮንቴዝ በርፊክትም አለ። ይሄኛው የሲንሲናቲ ቤንጋልስ ነበር፤ ሲንሲናቲ ከእኛ የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። በጥር 2016 የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ቤንጋልስ ስቲለርስን 16 ለ 15 እየመራ፣ ሊጨርስ ሴኮንዶች ቀርተውት፣ በርፊክት የስቲለርሱን አንቶኒዮ ብራውን ጭንቅላቱን መታው። 15 ያርድ። ግርግሩ ውስጥ የቡድን ጓደኛው ሌላ 15 ያርድ አስቀጣ። ስቲለርስ በነፃ የተሰጠውን ሜዳ ይዞ ኳሷን በእግር አስገባና 18 ለ 16 አሸነፈ። እዚህ ላይ ቡድኑ ራሱ በደንብ ከፈለ። በርፊክትም 3 ጨዋታ ታገደ። በ2017 በሌላ ምት ሌላ 3 ጨዋታ። እሺ፣ ከዚህ በኋላ ማን ይቀጥረዋል? ሬይደርስ ቀጠረው። ያውም በ2019 የካፒቴን ምልክት ደረቱ ላይ ለጥፎ ነበር የሚጫወተው። በመስከረም መጨረሻ እንደገና ጭንቅላት መታ፤ የቀሩትን 12 ጨዋታዎች በሙሉ ታገደ። ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም። ሰውየውን ብቻ መራገም ቀላል ነው። እኔ ግን ካፒቴንነቱን የሰጡትንም እጠይቃለሁ።

ክለብ በደንብ የተነካበት አንድ ጊዜ አውቃለሁ፤ የኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ጉዳይ። ከ2009 እስከ 2011 የተከላካይ ክፍሉ የጋራ የገንዘብ ሣጥን ነበረው። ሊጉ እንዳለው፣ ተጋጣሚን በሰው ድጋፍ ከሜዳ ላስወጣ 1,000 ዶላር፣ ከጨዋታ ውጪ ላደረገ 1,500 ዶላር ይከፈል ነበር። ሰው ለመጉዳት ጉርሻ! ሲጋለጥ ዋና አሰልጣኙ ሾን ፔይተን የ2012ን ዓመት በሙሉ ታገደ። የተከላካዮቹ አሰልጣኝ ግሬግ ዊሊያምስ ላልተወሰነ ጊዜ ታገደ። ክለቡ 500,000 ዶላር ከፈለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሁለት ዓመት አዳዲስ ተጫዋቾች የሚመርጥበትን የሁለተኛ ዙር ዕድል ተነጠቀ። አራት ተጫዋቾችም ታግደው ነበር። ይግባኙን የሰሙት የሊጉ የቀድሞ ኮሚሽነር (የበላይ ኃላፊ) ፖል ታግሊያቡ የአራቱንም ቅጣት አነሡት፤ ነገሩን ያበላሹት አሰልጣኞቹና ክለቡ ናቸው ብለው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ፈርተው ይመስለኛል። ትክክል ፈርደዋል። አዛዡ እያለ ታዛዡን ብቻ መግረፍ ፍርድ አይደለም።

እኔን ብትጠይቀኝ የምፈልገው ይሄ ነው። ተጫዋች ሲታገድ ቦታው ባዶ ይቁም፤ ክለቡ በጎደለ ሰው ይጫወት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲደግመው ክለቡ የምርጫ ዕድሉን ይነጠቅ። ያኔ አሰልጣኙ ራሱ ልጁን ይይዘዋል፤ ሊጉ ስብከት አያስፈልገውም። አንተ ምን ትላለህ? ከመጠን አልፌያለሁ?

አንድ ነገር ደግሞ ላክልልህ፤ ሁሉም ክፉ ሰው አይደለም። በታኅሣሥ 2024 የሂዩስተኑ አዚዝ አልሻየር፣ መሬት ላይ እየተንሸራተተ ራሱን የሰጠውን የጃክሰንቪል ኳርተርባክ ትሬቨር ሎረንስን ጭንቅላቱን መታው። ሎረንስ ጭንቅላቱ ተጎዳ፤ አልሻየር 3 ጨዋታ ታገደ። በማግስቱም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ጨዋታው ፈጣን ነው፤ በዓይን ጥቅሻ የሚወሰን ነገር ነው። ለዚህም ነው የእህቴ ልጅ የሚያስፈራኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ እሱ እንዳይጎዳ ብቻ ሳይሆን ሰው እንዳይጎዳም እፈራለሁ።

ለእህቴ እስካሁን ፈርሚ አላልኳትም፤ አትፈርሚም አላልኳትም። ሐሙስ ከአሰልጣኙ ጋር ቀጠሮ አለን። አንድ ጥያቄ ይዤለት እሄዳለሁ፦ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የመታ ልጅ፣ ያውም የቡድኑ ምርጥ ልጅ ቢሆን፣ ምን ታደርገዋለህ? አስቀምጠዋለሁ ካለኝና ዓይኑ ካልዋሸኝ እንፈርማለን። ጭንቅላት ሳያስነካ እንዴት እንደሚጥል መጀመሪያ እንዲያስተምርልንም እጠይቀዋለሁ።

አንተ ብትሆን ሌላ ምን ትጠይቀው ነበር? ስንት አሰልጣኝ በነገር ስትይዝ አይቻለሁና እስከ ረቡዕ ማታ ጻፍልኝ፤ ወይም ደውል። የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹንም ሳምልኝ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣ ከኮሎምበስ